ለእንሰት ታርጋ ማውጣት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ነገሩ በጤፍ ተጀመረ። ከብሎካችን ጀርባ ያለችውን ባዶ መሬት ያለሟት እማማ ናቸው። አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ግቢው በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ጤና አዳም አለ፣ ኮሰረት አለ፣ ጌሾ፣ ቀጋ፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሩ ጋ አንድ ጽድ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሁለት እንሰት። ዘንድሮ በተሰነጠቀ ባልዲና በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ጤፍ፣ ገብስ፣ ምስርና ሽምብራ ዘሩ፤ «የኮንዶሚኒየም ልጅ እንጀራ ከሱፐርማርኬት የሚበቅል ይመስለዋል» ብለው። ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንዱ ሕፃን ጤፉን ሳር ነው ብሎ ነቅሎ ለጥንቸሉ ሰጠው።

እማማ አልተቆጡም። «ስሙ ካልተጻፈ በምን ይወቅ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መድኃኒት ቤት አይደለህ? የኛንም የፈረንጁንም ስም ጽፈህ ትተክልልናለህ።»

እሺ አልኩ። ፋርማሲስት ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የመድኃኒት ዕፅዋትን የላቲን ስም እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድጄ ተፈትኛለሁ። ምን ማለት እንደሆኑ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ዕቅዱ ይሄ ነው፦ 24 ታርጋ፣ እያንዳንዱ 12 በ6 ሳንቲም። ከላይ የአማርኛው ስም፣ ከታች ላቲኑ። በማርከር አልጽፍም፤ አምና አንዱ ጎረቤት ሞክሮት በጋው ሳያልቅ ፀሐይ በላው። እዚህ ማስታወሻ ላይ ላቲኑን በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው፤ ታርጋው ላይ በራሱ ፊደል ይወጣል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከሥራ ወጥቼ መርካቶ። አሉሚኒየሙን ሰፈር ካለው የመስኮትና በር ሠሪ ገዝቻለሁ፤ ቁርጥራጭ ነው፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር፣ በኪሎ ሸጠልኝ። የቀረኝ ብረት ላይ ፊደል የሚመታበት መሣሪያ ነበር። ምናለሽ ተራ ገብቼ «የሻንሲ ቁጥር የሚመታበት ዓይነት፣ ግን ፊደል» ስል አንዱ ከአሮጌ መፍቻዎች ሥር የዛገ ሳጥን መዘዘልኝ። ጣት የሚያካክሉ የብረት ዘንጎች ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ፊደል የተቀረጸባቸው። ሙሉው 27 ነው፤ 26 ፊደልና አንድ የ«እና» ምልክት። ቆጠርኩ። 26 ሆነ። ‹ዩ› የለችም።

«አንዲት ፊደል ናት፤ ለሷ ብለህ ልትተወው ነው?» አለኝ ሻጩ። ዋጋ አስቀንሼ ይዤው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ነው የነቃሁት። ላቲን ያለ ‹ዩ›! ግማሹ ስም በ«ኡስ»፣ የቀረው በ«ኡም» ነው የሚያልቀው።

ማታ የጥንት ሮም የድንጋይ ጽሑፎችን ፎቶ ሳይ ልቤ ተመለሰ። እነሱም ‹ዩ› አልነበረቻቸውም። ለ«ኡ»ም ለ«ው»ም የሚቀርጹት አንዷኑ ‹ቪ› ነበር፤ ሁለቱ ተለያይተው የቆሙት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በቃ፣ ጉድለቴ ታሪካዊ ሆነ። ፊደሎቹ ሁሉም ትልልቅ መሆናቸውንም በዚሁ አለፍኩት። ደንቡ ፊተኛው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምር፣ ኋለኛው በትንሽ ይጻፍ ይላል። ሮማውያን ድንጋይ ላይ በትልቁ ብቻ ከጻፉ እኔ ማን ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የመጀመሪያው ታርጋ ወጣ። ጤፍ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብየዳ ቤት ያሉት ጋሼ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ አውሰውኛል፤ ታርጋው እሱ ላይ ይተኛል። የፊደሎቹ እግር እንዲሰለፍ ፕላስተር በቀጥታ እለጥፋለሁ። ከዚያ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይዞ አንዴ፣ በደንብ፣ መምታት። ሁለቴ ከመታህ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። የዘንጉ የትኛው ጎን ወደ እኔ እንደሚዞር እየጠፋኝ ስለነበር የእህቴን የጥፍር ቀለም አንስቼ ሁሉም ላይ አንዳንድ ነጥብ አደረግሁ። እሷ ገና አላወቀችም። ነጥቡን ከማድረጌ በፊት አንዲት ‹ኤ› ተገልብጣ ገብታለች፤ ካልነገሩት ማንም አያያትም።

ኤራግሮስቲስ ቴፍ። ኋለኛው ቃል ሦስት ፊደል ብቻ! ላቲንም አይደለም፤ የኛው ጤፍ እንዳለ የገባበት ነው። ስለ እህሉ ጠባይ ምንም አይናገርም፣ ስሙን ጠርቶ ዝም ይላል። ሁሉም እንዲህ ቢሆን ኖሮ እስከ እሑድ እጨርስ ነበር።

እማማ አገላብጠው አዩትና «ትርጉሙስ?» አሉ። ትርጉም ዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ከጀርባው በቀለም ይጻፍ፣ ልጆቹም እየገለበጡ ያንብቡ ተባባልን። ይህችን ስስማማ ምን ውስጥ እንደምገባ አላወቅሁም።

ቀጣዩ ገብስ ነበር። ሆርዴኡም ቩልጋሬ። የቩልጋሪስን ትርጉም አውቃለሁ ብዬ ከጀርባው «ተራ ገብስ» ብዬ ጻፍኩ።

«ማነው ተራ ያለው?» አሉ እማማ።

«ላቲኑ ነው፣ እማማ።»

«ገብስ የእህል ንጉሥ ነው። ተራ አይባልም። አጥፋው።»

በቤንዚን አጠፋሁት። መዝገበ ቃላት ስገልጥ ደግሞ እማማ ልክ ሆነው ተገኙ። ቩልጉስ ማለት ብዙው ሕዝብ ነው። ቩልጋሪስ የብዙኃኑ፣ ሁሉም ጋ የሚገኝ። በንቀት የሚነገርበት ቦታ አለ፤ ዕፅዋት ላይ ሲሆን ግን የተለመደው፣ የሁሉ የሆነው ለማለት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ቅዱስ ጄሮም ሥራውን የጀመረው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ቩልጋታ የተባለው ከዚሁ ቤት በወጣ ቃል ነው፤ ተራ መጽሐፍ ተብሎ አይደለም። «የሁሉ ገብስ» ብዬ ጻፍኩ። «አሁን ይሁን» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሦስት ታርጋ ተበላሸ። ሦስቱም ጭራቸው ላይ። በወረቀት ቢሆን ኖሮ ላጲስ ነበር። ብረት ላይ ጭራ መሳሳት አንድ ሰዓት ሥራ መጣል ነው።

አንደኛው ጽድ ነው። ዩኒፔሩስ ብዬ፣ «ኡስ» በ«ኡስ» ይሂድ ብዬ፣ ፕሮሴሩስ ብዬ መታሁ። ትክክሉ ፕሮሴራ ነው፣ ረዥሟ። ላቲን ዛፍን በሴት ነው የሚጠራው፤ ስሙ እንደ ወንድ ስም ቢያልቅም ቅጽሉ የሴት ይሆናል። ዋርካም ፊኩስ ቫስታ፣ ጥቁር እንጨትም ፕሩኑስ አፍሪካና የሆኑት ለዚህ ነው። የሦስተኛ ፎቁ ልጅ (ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያግዘኛል፣ ማለትም ያየኛል) «ዛፍ ሴት ናት እንዴ?» አለ። ለሮማውያን አዎ። እኛስ ስንወዳት «ይቺ ዋርካ» እንል የለ?

ሁለተኛው ዝንጅብል። ዚንጊበር ኦፊሲናሊስ መታሁ፤ ዚንጊበር ወንድም ሴትም ስላልሆነ ኦፊሲናሌ መሆን ነበረበት። ሦስተኛው ግን አስተማረኝ። ምስር ሌንስ ኩሊናሪስ ነው፣ የማድ ቤቱ ምስር። እጄ ኦፊሲናሊስን ለምዶ ኩሊናሊስ አድርጎት አረፈ። ጭራው «አሊስ» ነው ወይስ «አሪስ»? ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የዚያ ነገር የሆነ፣ ለዚያ ነገር የሚስማማ ማለት ነው። ሮማውያን ግን ሁለት «ል» ተከታትሎ ሲመጣ ምላሳቸው አይወድም። ስለዚህ ሥሩ ውስጥ «ል» ካለ ጭራው ብዙ ጊዜ «አሪስ» ይሆናል። ኩሊና፣ ኩሊናሪስ። ቩልጉስ፣ ቩልጋሪስ። ከሌለው «አሊስ»፤ ናቫሊስ የመርከብ፣ ሞርታሊስ ሟች። እንደ ሌጋሊስ ያሉ አፈንጋጮች አሉ፤ የግቢያችን ዕፅዋት ግን ሕግ አክባሪ ናቸው።

በዚሁ ተቀምጬ ጭራዎቹን ሁሉ ቆጠርኳቸው። ለአገር «ኢኩስ»፤ ቀጋ ሮዛ አቢሲኒካ፣ የሐበሻ ጽጌረዳ። ለከተማና ለቦታ «ኤንሲስ»፤ ኮሰረት ሊፒያ አዶኤንሲስ፣ የዓድዋ። ለእንስሳ «ኢኑስ»፤ የውሻ ካኒኑስ፣ የፈረስ ኤኲኑስ፣ የተኩላ ሉፒኑስ። አረቄ የሚወጣበት ግብጦ ሉፒኑስ አልቡስ መባሉን ያየሁትም ዛሬ ነው፤ ነጩ የተኩላ ነገር! ለሚዘራ ደግሞ ሳቲቩስ፤ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ጓያ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም ሳቲቩስ ወይ ሳቲቫ ወይ ሳቲቩም ናቸው፣ ሰው የሚዘራቸው።

ይሄን ሁሉ ጭራ ወደ አማርኛ ሳመጣው ግን ሁሉም «የ» ሆኖ ቁጭ አለ። የሐበሻ፣ የዓድዋ፣ የተኩላ፣ የማድ ቤት። «የ» እንደ በርበሬ ናት፣ የማትገባበት የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መዶሻ ክልክል ሆኗል። ሁለተኛ ፎቅ ሕፃን አለ፣ ልክ ናቸው። መዶሻው ሲከለከል መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንድ ጥያቄ ይዤ። ዓይነተኛ ለማለት፣ ይሄማ የሱ ጠባይ ነው ለማለት፣ ሮማዊ ምን ይላል?

መጀመሪያ ያሰብኩት ቲፒኩስን ነበር። ቃሉ አለ፣ ግን ዘግይቶ ነው የገባው፤ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ምሳሌያዊ ለማለት ነበር የሚሠሩበት። የሮማው ንግግር አዋቂ ሲሴሮ በዚህ ትርጉም አያውቀውም። ፕሮፕሪዩስ ይላል፣ የራሱ ብቻ የሆነ፤ ተቃራኒው ኮሙኒስ ነው፣ የጋራ። ጉሎ ሪሲኑስ ኮሙኒስ የሆነው በዚህ ነው። ፔኩሊያሪስም አለ። እሱ ደስ ብሎኛል። ፔኩሊዩም ማለት በአባቱ ወይም በጌታው እጅ ሥር ያለ ሰው ለብቻው እንዲይዝ የተተወለት ጥሪት ነው፤ ሥሩ ፔኩ፣ ከብት። አንድ የግል ጊደር እንዳለችው ባሪያ ማለት ነው እንግዲህ ልዩ መሆን። አያቶቻችንም ሀብት ሲሉ ከብት ማለታቸው ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ብዙ ጊዜ ቅጽል አለመፈለጋቸው ነው። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 እና በ43 በማርክ አንቶኒ ላይ በተናገራቸው ንግግሮች፣ በ12ኛው ላይ፣ «ኩዩስቪስ ሆሚኒስ ኤስት ኤራሬ» ይላል። መሳሳት የማንም ሰው ነው። ቀጥሎም በስሕተቱ መጽናት ግን የሰነፍ ብቻ ነው ይላል። አለቀ። ባለቤትነትን በሚያሳየው የስም መልክ «የሰው ነው» ይልና ያልፋል፤ የሰው ጠባይ ነው፣ የሰው ምልክት ነው አይልም። እኛም እኮ እንዲሁ ነን። «ይሄ ሥራ የልጅ ነው።» «ይሄ አነጋገር የጨዋ ነው?» እንግሊዝኛ ሲያስተምሩን ዓይነተኛ የሚለውን ቃል ፍለጋ ስንደክም የኖርነው «የ» እና «ነው» በቂ ሆነው ሳለ ነው። ትናንት «የ»ን በርበሬ ማለቴን ይቅር በሉኝ።

ከዚያ ቲፑስን ወደ ሥሩ ስከተለው ግሪክ ገባ። ቲፖስ፣ ተመትቶ የወጣ ምልክት። «ቲፕቶ» እመታለሁ ማለት ነው። የመዶሻ ቃል ነው! ካራክቴርም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የሚቀርጸው ነገር፣ ከዚያ ሳንቲም ላይ የታተመው ምልክት፣ ቆይቶ የሰው ጠባይ። ጠባይ የሚለው የራሳችን ቃልስ? በግእዝ ጠባይዕ ነው፣ ከዐረብኛ የመጣ፤ በዐረብኛ ያው ሥር ማተም፣ ማኅተም መምታትም ነው ተፈጥሮና አመልም ነው። ሐዲዱ ብረት ላይ ያለውን ታርጋ ዞር ብዬ አየሁት። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ቃሉን ስሠራው ነው የከረምኩት።

ሌላም አለ፣ ኮሰረቱ ታርጋ ላይ ስለሚመጣ እዚሁ ልጻፈው። ሳይንቲስቶች አንድ ዝርያ ሲሰይሙ አንድ የደረቀ ናሙና ይመርጡና ስሙን እሱ ላይ ይሰኩታል፤ ታይፕ ይሉታል። ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ውስጥ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ዓይነተኛው ማለት ይመስላል አይደል? አይደለም። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስያሜ ደንብ ታይፑ የግድ የዝርያው ዋነኛ ምሳሌ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። መጀመሪያ የተመታበት ነው፣ በቃ። እንዲያውም በዝርያ ሥር ላለ ክፍል «ቲፒኩስ»፣ «ጌኑዊኑስ»፣ «ቬሩስ» (ዓይነተኛው፣ ያልተበረዘው፣ እውነተኛው) ብሎ፣ ዋናው ይሄ ነው ለማለት ስም ማውጣት ዋጋ የለውም። ዋናውን የያዘው ክፍል የዝርያውን ስም ይደግማል እንጂ። ለዚህ ነው የዓድዋው ሊፒያ አንዱ ክፍል አዶኤንሲስ አዶኤንሲስ ተብሎ፣ የጓሮው ደግሞ «ኮሴሬት» የተባለው። ይህንን ስም ያወጡለት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ረዥም ስም ነው፤ በሁለት መስመር መታሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የውሸታሞች ቀን። 7 ታርጋ ወጣ፣ አንድም አልተበላሸ፣ ግን ከጀርባው ትርጉም ስጽፍ እጄ እምቢ አለ።

ቡና ኮፌያ አራቢካ። የዐረብ ቡና። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሊኔየስ በ1753 (እ.ኤ.አ.) ነው የሰየመው፤ አውሮፓ ቡናን ያወቀው በየመን በኩል ነበር። ዱር ሆኖ የሚበቅለው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ሆኖ ሳለ እማማ ፊት ተርጉሜ «የዐረብ» ብል ግቢውን ለቅቄ መውጣት ነበረብኝ። ጤና አዳም ሩታ ካሌፔንሲስ። ካሌፕ ማለት ሶርያ ያለችው ሐለብ ናት። ቡናችን ላይ ጣል የምናደርጋት ቅጠል፣ በላቲን የሐለብ ልጅ።

ደግሞ የተገላቢጦሹ። አጥሩ ጥግ ያለው፣ ነጩ፣ እንደ ጥሩምባ የተጠቀለለው አበባ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ነው። ልጁ ስሙን አይቶ «የኛ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። የደቡብ አፍሪካ ነው። ለጥንቶቹ ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በታች ያለው ጥቁር ሰው አገር በሙሉ ነበር፤ በሊኔየስ ዘመንም ቃሉ ያን ስፋቱን አልለቀቀም። ያኔ የነበረው ካርታ ጠፋ፣ ስሙ አበባው ላይ ቀረ። ከዕፅዋት ውጪም ያው ነው፤ ቀይ ቀበሮ ካኒስ ሲሜንሲስ ነው፣ የስሜን፣ ዛሬ ግን አብዛኛው ያለው ባሌ ተራሮች ላይ ነው።

ይታረም ብትል አይታረምም። የዚያው የዕፅዋት ስያሜ ደንብ አንቀጽ 51፣ ስም አይገባውም ወይም ደስ አይልም ተብሎ ብቻ አይጣልም ይላል። ምሳሌ የሚሰጠው በስኪላ ፔሩቪያና ነው፤ የፔሩ ተባለ እንጂ ፔሩ የማይበቅል፣ የሜዲትራኒያን አበባ። ልክ ነው ብዬ አስባለሁ። ስም ሁሉ በየጊዜው ልክ ይሁን ከተባለ ታርጋ መምታት አይቻልም። ሆኖም በ2024 (እ.ኤ.አ.) ማድሪድ በተደረገው የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ አንድ ቃል ተነክቷል። ጥቁር ሰው የሚሰደብበት «ካፍራ» የመጀመሪያ ድምፁ ተነሥቶ «አፍራ» እንዲሆን ተወስኗል፤ የአፍሪካ ወደሚለው እንዲጠጋ። ከሁለት መቶ በላይ ስም በአንድ ፊደል ተቀየረ። ይሄኛውንም ደገፍኩ። ለስድብ ዕድሜ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከጀርባው ታዲያ ምን ጻፍኩ? «ካሌፔንሲስ፦ የሐለብ። ስም አውጪው እንደዚያ ብሏል።» አራቢካም ላይ እንደዚያው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እማማ ናቸው ያስጨመሩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

እንሰት። ለአንዲት ቃል ሙሉ ማታ ሄደ።

ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም። ፊተኛው የኛው ነው። ኋለኛው ከቬንተር፣ ከሆድ ይመጣል፤ ያበጠ፣ ሆዱ የተነፋ። ግንዱን ከሥሩ ያየ ይገባዋል። ጭራው «ኦሱስ» ሲሆን ያ ነገር የበዛበት ማለት ነው፤ ስፒኖሱስ እሾሃማ። እዚህ ላይ አማርኛ «የ»ን ትቶ እውነተኛ አቻ አለው፦ «ማ» እና «አም»። ድንጋያማ፣ ተራራማ፣ እሾሃማ። ታዲያ ቬንትሪኮሱም ሆዳም ነዋ?

«እንሰት ሆዳም» ብዬ ጽፌ ሳየው ራሴው ሳቅሁ። ረሀብ ሲመጣ የሚያበላ ተክል ሆዳም! «ማ» ለመሬትና ለዛፍ ናት፣ «አም» ግን ሰው ላይ ስትለጠፍ ብዙ ጊዜ ስድብ ናት፤ ሆዳም፣ አፋም፣ ንፍጣም። ሀብታም ብቻ አመለጠ። ሆደ ሰፊ ልበል? እሱ ታጋሽ ማለት ሆነ። ለእንሰት ባይከፋም ላቲኑ ያንን አላለም። ልጁ «ቦርጫም» አለ። ስሙ በትክክል ያ ነበር፣ ግን እማማ አሉብን። «ግንዱ ከሥሩ ያበጠ» ብዬ በአምስት ቃል ጻፍኩት... ሦስት ነው። ይሁን።

ለምን ይሄ ቃል እንደደረሰው ሳጣራ ደግሞ ሌላ ጉድ። በ1791 (እ.ኤ.አ.) ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዞት የሄደውን ዘገባ ተከትሎ ሙዛ ኤንሴቴ ብሎት ነበር፣ ሙዝ እንሰት። በኋላ ተክሉ ከሙዝ ወጥቶ ኤንሴቴ የሚባል የራሱ ወገን ሲሆን ሙሉ ስሙ «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» ሊሆን ነው። የዕፅዋት ደንብ ደግሞ አንዱን ቃል መድገም ይከለክላል። ለእንስሳ ይፈቀዳል፣ ጎሪላ ጎሪላ እንዲሉ። ስለዚህ ቀጣዩ ስም ተፈለገና ቬልቪች የተባለ ሰው በ1859 (እ.ኤ.አ.) አንጎላ ላይ ያየውን ሰይሞበት የነበረው «ባለ ሆድ» ተገኘ። የጉራጌና የሲዳማ እንሰት የአንጎላን ሆድ ይዞ የቀረው ስሙ ሁለቴ እንዳይጠራ ነው። ታርጋ ቁጥር 17።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሽምብራ፦ ሲሴር አሪየቲኑም። አሪየስ አውራ በግ ነው። አንዷን ፍሬ አንሥቼ በጎን አየኋት፤ ያቺ ሹል አፍንጫ፣ ከላይ ክብ ግንባር፣ እውነትም የበግ ራስ። ሽምብራ ስቆረጥም ኖሬ በጉን ያየሁት ዛሬ ነው። ጨዋታው ደግሞ ሲሴሮ ራሱ ከዚች ፍሬ የወጣ ስም መሆኑ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው ከቅድመ አያቶቹ አንዱ አፍንጫው ጫፍ ላይ እንደ ሽምብራ ስንጥቅ ነበረው። መሳሳት የማንም ሰው ነው ያለን እንግዲህ አቶ ሽምብራ ነው።

የጥብስ ቅጠሉ አናደደኝ። ሮስማሪኑስ ኦፊሲናሊስ ብዬ ባለፈው ሳምንት መትቼ ጨርሻለሁ፣ 21 ፊደል፣ አንድም አልተጣመመ። ዛሬ ሳጣራ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙዎች ወደ ሳልቪያ አዛውረውታል፤ ሳልቪያ ሮስማሪኑስ። ኦፊሲናሊስነቱንም ይዞ አልሄደም፣ እዚያ ቤት ሌላ ሳልቪያ ኦፊሲናሊስ ቀድሞ ተቀምጧል። ኦፊሲና የሥራ ቤት ነው፤ ጣልያኖች ጋራዥን ዛሬም ኦፊቺና ይሉታል። በገዳማቱ ዘመን መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍልም ሆነና ኦፊሲናሊስ የመድኃኒት ቤቱ ማለት ሆነ። የኔ ማለት ነው፣ በሙያ። የኛ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ትቶ የጥብስ ቅጠል አለው፤ ዋና ሥራው እሱ ነዋ። ታርጋውን አልለውጥም። ከጀርባው «የቀድሞ ስም» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ተከልን። ፌሮ በ40 ሳንቲም ተቆርጦ፣ ጋሼ ጫፉን አጥፈው በየዱት፣ ታርጋው በሽቦ ታሰረ። 24ቱም። ልጆቹ እየሮጡ ይገለብጣሉ። አንዷ ሕፃን «የሁሉ ገብስ» የሚለውን አንብባ አንዱን ዘለላ ይዛ ልትሄድ ነበር፤ ሎጂኳ እንከን የለውም።

የ‹ዩ› ነገር ግን መጣብኝ። ልጁ ገብሱ ጋ ቆሞ «ሆርዴቭም ቭልጋሬ» ብሎ አነበበ። ስለ ሮም ድንጋዮች አስረዳሁት። «ፊደሉ ስለሌለህ ነው አይደል?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አማርኛው እየተላጠ ነው።

ፊደላችን በመምቻ አይገኝም፤ 26 ዘንግ አይበቃው። ስለዚህ የአማርኛውን ስም በዘይት ቀለም በብሩሽ ነበር የጻፍኩት። አሉሚኒየም ደግሞ ሥር ቀለም ካልተቀባ ቀለም አይዝም፤ ይሄን ብየዳ ቤት ማንም ያውቃል፣ እኔ አልጠየቅሁም። እማማ ውኃ ሲያጠጡ፣ ልጆች ሲነካኩ፣ ጌሾ ‹ጌ›ዋ ሄዳ «ሾ» ቀርታለች። ላቲኑ አንዱም አልተነካ።

እማማ ጌሾው ጋ ጠርተው አሳዩኝ። «የነሱን ቀርጸህ የኛን ቀባኸው?»

መልስ አልነበረኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሙከራ። የአማርኛውን ስም ኮምፒውተር ላይ በትልቁ ጽፌ አትሜ ወረቀቱን ታርጋው ላይ ለጠፍኩ። በኮንክሪት ሚስማር የፊደሉን መስመር ተከትዬ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ቀስ ያለ መታ፤ ከበዛ አሉሚኒየሙ ይበሳል። ወረቀቱ ሲነሣ ፊደሉ በነጥብ ወጥቷል። ‹ሾ› 19 ነጥብ ፈጀች። ከመምቻው ይልቅ ቆንጆ ነው፣ ሐቁን ለመናገር፤ በኔ እጅ የተጻፈ ይመስላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

11 ደርሻለሁ። ትርጉሙ ከጀርባ በቀለም ይቆይ፤ እሱ ቢላጥ እንደገና እከራከርበታለሁ። ፊት ለፊቱ ግን በሙሉ በነጥብ ይሆናል።

ዛሬ እንሰቱን መለስኩት። እማማ መነጽራቸውን አልያዙም ነበር። ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ነጥቦቹ ላይ አሳለፉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለው። «እን... ሰት» አሉ። ታችኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ ቀና አሉ።

ቀጣዩ ጤና አዳም ነው። ‹ጤ› እግሯም ቀለበቷም ብዙ ነው፣ መጀመሪያ ሚስማሩን ልለውጥ፤ ይሄኛው ደንዝዟል።